ፒያሳና መርካቶ ላይ «ሽልድ ያለው» ተብሎ የሚሸጥ ኬብል፦ የቱ ይገዛ፣ የቱ ይቅር

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል፣ በተክለሃይማኖት በኩልም እስከ መርካቶ ባሉ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች «ሽልድ ያለው ኬብል አለ?» ብሎ ለሚጠይቅ ገዢ መልሱ ብዙውን ጊዜ «አለ» ነው። ከመደርደሪያው የሚወርደው ግን የኔትወርክ ኬብል፣ የዲሽ ገመድ፣ የማይክ ገመድ፣ ቀይ የእሳት ማስጠንቀቂያ ገመድ ወይም በብረት ሽቦ የተጠለፈ የማሽን ኬብል ሊሆን ይችላል። ሁሉም ውስጣቸው ያለውን ሽቦ የሚሸፍን የብረት ልብስ አላቸው፤ ልብሱ በትክክል ሽልድ የሚባለው ግን ጩኸትን፣ ማለትም ከውጭ ወደ ምልክቱ የሚገባን የኤሌክትሪክ ረብሻ፣ ለማገድ ሲሠራ ነው። ሆኖም አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ከሁሉም የሚያሳዝነው ገዢው ለሽልዱ ተጨማሪ ከፍሎ፣ ሽልዱ ከምንም ጋር ሳይገናኝ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ መቅረቱ ነው።

ስለዚህ ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ለተራ ቢሮ፣ ለሱቅና ለመኖሪያ ቤት ኔትወርክ ንጹህ መዳብ የሆነ ሽልድ አልባ ካት 6 የተባለው የኬብል ደረጃ ይበቃል። ሽልድ ያለው ዋጋውን የሚያወጣው ኬብሉ በሊፍት ሞተር አጠገብ፣ በጄኔሬተር ክፍል፣ የኃይል ኬብል በሚያልፍበት ትሬይ (የኬብል መደርደሪያ) ወይም ጣሪያ ላይ አንቴና አጠገብ ሲሄድ ነው። ያም ቢሆን ሕንፃው እውነተኛ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወስድ የኤሌክትሪክ መስመር) ካለው ብቻ ነው። ግራውንድ በሌለበት ቤት የሚዘረጋ፣ የውስጥ ሽቦው አሉሚኒየም የሆነ ባለ ሽልድ ኬብል፣ ከሽልድ አልባ ንጹህ መዳብ ያነሰ ዕቃ ነው።

የኔትወርክ ኬብል

ልባሱ ላይ የታተመውን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ገዢ ግማሹን ሥራ ጨርሷል። አይኤስኦ/አይኢሲ 11801 የተባለው ደረጃ ያስቀመጠው አጻጻፍ በስላሽ የተከፈለ ነው። ከስላሹ በፊት ያለው ፊደል ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙት ስምንት ሽቦዎች፣ ማለትም አራቱም ጥንዶች፣ በጋራ የለበሱትን ይነግራል፤ ከስላሹ በኋላ ያለው ደግሞ እያንዳንዱ ጥንድ ለብቻው የለበሰውን። ዩ ማለት ምንም ሽልድ የለም፣ ኤፍ ማለት ፎይል፣ ኤስ ማለት ጥልፍ ሽቦ ነው። ኤስኤፍ ከሆነ ጥልፉም ፎይሉም አለ። ስለዚህ ዩ/ዩቲፒ ራቁቱን ነው። ኤፍ/ዩቲፒ አራቱን ጥንድ በአንድ ፎይል ጠቅልሏል። ዩ/ኤፍቲፒ የጋራ ልብስ የለውም፤ እያንዳንዱ ጥንድ ግን ፎይል ለብሷል። ኤስ/ኤፍቲፒ በየጥንዱ ፎይል፣ ከላይ ደግሞ ጥልፍ አለው።

ገበያው ላይ ግን አሁንም የድሮዎቹ ስሞች ይበዛሉ። «ኤፍቲፒ» ብቻ የሚል ካርቶን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ኤፍ/ዩቲፒ ነው፤ ይህ ብዙ አያስቸግርም። «ኤስቲፒ» ብቻ የሚለው ግን ምን እንደያዘ አይናገርም፤ አንዱ አምራች ለአንድ ቀጭን ፎይል፣ ሌላው ለፎይልና ጥልፍ ይጠቀምበታል። እንዲህ ያለ ካርቶን ጫፉ ተቆርጦ ሳይታይ አይገዛ።

ሽልድ ካስፈለገ ከነዚህ ሁሉ ለመሃል ከተማው ሕንፃ የሚመከረው ኤፍ/ዩቲፒ ካት 6 ነው፤ 10 ጊጋ (በሰከንድ 10 ጊጋቢት) ለሚፈልግ ደግሞ ዩ/ኤፍቲፒ ወይም ኤፍ/ዩቲፒ ካት 6ኤ። ካት 6 እስከ 250 ሜጋኸርዝ የተሠራ ነው፤ 1 ጊጋን 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ያደርሳል። 10 ጊጋን ግን ሁኔታው ከተመቸ እስከ 55 ሜትር፣ ብዙ ኬብል አብሮ ከታሰረ እስከ 37 ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚያደርሰው። ካት 6ኤ 500 ሜጋኸርዝ ነው፣ 10 ጊጋን ሙሉውን 100 ሜትር ይወስዳል። ይህ 100 ሜትር ደግሞ ሁሉም ለግድግዳ አይደለም፦ 90 ሜትሩ ቋሚው ዝርጋታ፣ 10 ሜትሩ በሁለቱም ጫፍ ለሚሰካው አጭር ማገናኛ ገመድ፣ ለፓች ኮርድ፣ ነው።

ካት 7 ኤስ/ኤፍቲፒ፣ 600 ሜጋኸርዝ፣ ጥሩ የሆነው በእርግጥም ጠንካራ ኬብል ነው። ነገር ግን ለካት 7 የተሠሩት መሰኪያዎች ተራው የኔትወርክ መሰኪያ፣ አርጄ 45፣ አይደሉም። አርጄ 45 ከተሰካበት አሠራሩ ወደ ካት 6ኤ ይወርዳል። የአሜሪካኖቹ ደረጃ ቲአይኤ ካት 7ን ጭራሽ አልተቀበለውም። ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አይመከርም፤ ገንዘቡ ግራውንዱ ላይ ይዋል። ካት 8 ደግሞ 2000 ሜጋኸርዝ ሆኖ ሙሉ ርዝመቱ 30 ሜትር ብቻ የሆነ የሰርቨር ክፍል ዕቃ ነው፤ ለሆቴል ክፍል የሚገዛው ካለ ሻጩ አልነገረውም ማለት ነው። «ካት 7» ወይም «ካት 8» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ጠፍጣፋ ቀጫጭን ፓች ኮርዶችን ይለፏቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ መዳቡ። ሲሲኤ የሚባለው መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው። የኔትወርክ ደረጃዎቹ ሙሉ መዳብ ስለሚጠይቁ ሲሲኤ የሆነ ኬብል ካት 5ኢም ሆነ ካት 6 የመባል መብት የለውም፤ ካርቶኑ ላይ ምንም ይጻፍ። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ ወደ 60 በመቶ ገደማ ነው። ካሜራ ወይም አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ ማሰራጫ) በፒኦኢ፣ ማለትም ኃይሉን በራሱ በኔትወርክ ኬብሉ፣ የሚመግብ ሰው ልዩነቱን ቶሎ ያየዋል፦ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ ኬብሉ ይሞቃል፣ ካሜራው ማታ የኢንፍራሬድ መብራቱን ሲያበራ ይጠፋና ይነሳል። የባሰው ደግሞ አብዛኛው ሲሲኤ ሽቦው ራሱ መቅጠኑ ነው፤ 24 ቁጥር ተብሎ 26 ሆኖ ይገኛል። በአሜሪካው የሽቦ ቁጥር ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል፦ 23 ቁጥር 0.57 ሚሊ ሜትር፣ 24 ቁጥር 0.51፣ 26 ቁጥር 0.40 ነው። ከዚህ ሌላ አሉሚኒየም ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ኪስቶን ጃክ (የግድግዳው የኔትወርክ ሶኬት) ላይ የተጫነበት ቦታም ከጊዜ ጋር ዝገት ይዞ ግንኙነቱ ይላላል።

ሱቅ ውስጥ ለመለየት ቢላ ይበቃል። የአንዱን ሽቦ ፕላስቲክ ላጥ አድርጎ ሽቦውን መፋቅ ነው። ከላይ መዳብ ሆኖ ከሥሩ ነጭ ከወጣ ሲሲኤ ነው። ከላይ ነጭ ሆኖ ከሥሩ መዳብ ከወጣ ግን ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ነው፤ ይህ ጥሩ ዕቃ ነውና አትመልሱት። ሚዛንም ይናገራል። በ305 ሜትር ባለ 23 ቁጥር ካት 6 ውስጥ ያለው መዳብ ብቻውን 5.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሲሲኤ ከሆነ ሽቦው ከ2 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ፕላስቲኩ፣ ፎይሉና ካርቶኑ ተጨምሮበት ጠቅላላው 6 ኪሎ የማይሞላ ሙሉ ካርቶን ሲገኝ፣ ስለ መዳብነቱ መከራከር አያስፈልግም።

የጥቅሉ ሁለቱም ጫፍ ከተገኘ ደግሞ ቴስተር የመጨረሻውን ቃል ይሰጣል። በአንዱ ጫፍ የአንድን ጥንድ ሁለት ሽቦዎች አጣምሮ አገናኝቶ፣ በሌላው ጫፍ በኦም መለካት። 305 ሜትር መዳብ 23 ቁጥር ከሆነ 41 ኦም ገደማ፣ 24 ቁጥር ከሆነ 51 ገደማ ያሳያል፤ ሲሲኤ 24 ቁጥር ወደ 80 ይጠጋል። የቴስተሩን ገመዶች አስቀድሞ አነካክቶ የሚያሳየውን መቀነስ አይረሳ። ንባቡ ከሚጠበቀው በታች ከሆነ ደስ አይበላችሁ፤ ኬብሉ 305 ሜትር አልሞላም ማለት ሊሆን ይችላል። ልባሱ ላይ በየሜትሩ የታተመው ቁጥር የሁለቱ ጫፎች ልዩነት ሙሉውን ርዝመት መስጠት አለበት። አንዳንዱ ልባስ በጫማ ስለሚቆጥር 1000 የሚለው 305 ሜትር ነው።

ወደ ሽልዱ ስንመለስ፣ በፎይሉ ሥር የሚሄደው ራቁት ቀጭን ሽቦ ድሬን ይባላል። ፎይሉ አሉሚኒየም የተለጠፈበት ፕላስቲክ ስለሆነ ሊበየድም ሆነ በደንብ ሊጨበጥ አይችልም፤ ድሬኑ ያንን ግንኙነት ይሠራለታል፣ ፎይሉ መንገድ ላይ ቢቀደድም ያስቀጥለዋል። ስለዚህ ድሬን የሌለው ኤፍ/ዩቲፒ ከተገኘ አይገዛ። የፎይሉ የሚያስተላልፈው ጎን ድሬኑ ባለበት በኩል መሆኑንም በቴስተር ነካ አድርጎ ማየት ጥሩ ነው፤ ፕላስቲኩ ጎን ወደ ድሬኑ የዞረበት ርካሽ ኬብል አለ።

የብዙ ዝርጋታ ውድቀት የሚመጣው ከመሰኪያው ነው። ባለ ሽልድ ኬብል ተገዝቶ ተራ የፕላስቲክ አርጄ 45 ይጫንበታል፤ ድሬኑ በመቀስ ተቆርጦ ይጣላል፤ ያኔ ሽልዱ ጌጥ ሆኗል። የብረት ቅርፊት ያለው መሰኪያ የግድ ነው፣ በሌላው በኩልም ኪስቶኑና ፓች ፓኔሉ (ኬብሎቹ ተሰብስበው የሚገቡበት ሰሌዳ) የብረት መሆን አለባቸው። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ ልባሱን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል መላጥ፤ ፎይሉን ከልባሱ ጠርዝ ላይ መቁረጥ፤ ድሬኑን ወደ ኋላ መልሶ በልባሱ ላይ መጠቅለል፤ መሃል ያለውን የፕላስቲክ መስቀል ከሥሩ መቁረጥ፤ ጥንዶቹን ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ ሳይፈቱ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ብሎ መደርደር፤ ከዚያ ክሪምፕ ማድረግ (በመሰኪያ መጭመቂያው ፒንሳ መጭመቅ)። የመሰኪያው የብረት ጭራ ድሬኑን ከልባሱ ጋር አጥብቆ መያዝ አለበት። ካት 6ኤ ሽቦው ወፍራም ስለሆነ በካት 5ኢ መሰኪያ ቀዳዳ አይገባም፤ ጉልበት ከተጠቀሙ ፕላስቲኩ ይላጣል። መሰኪያ ሲገዛ የኬብሉን ቁራጭ ይዞ መሄድ ነው።

ርካሹ ባለ መብራት የኔትወርክ መፈተሻ ከ1 እስከ 8 ቆጥሮ «ጂ» የምትለው መብራት ካልበራች ሽልዱ ተቋርጧል። ፍተሻው ኬብሉ ራክ (የኔትወርክ ዕቃዎቹ የብረት መደርደሪያ) ላይ ከመግባቱ በፊት ይሁን፤ ከገባ በኋላ በራኩ ብረት በኩል ዞሮ ሊበራ ይችላል።

የኬብሉ ውፍረትም ይታሰብ። ሽልድ አልባ ካት 6 ወደ 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን ኤስ/ኤፍቲፒ ከ7 እስከ 8 ይደርሳል። በ20 ሚሊ ሜትር ኮንዲዩት (የኬብል ቱቦ) ከመጀመሪያው ሦስት ይገባል፣ ከሁለተኛው ሁለት። ሲጎተት ራዲየሱ ከኬብሉ ዲያሜትር ስምንት እጥፍ ባነሰ ክብ አይታጠፍ፤ ፎይሉ ተሰንጥቆ ይቀራል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም።

ግራውንዱ

ሽልድ የሚይዘውን ጩኸት የሚያፈስበት ቦታ ይፈልጋል። በፒያሳ ባሉት የድሮ ሕንፃዎች ግራውንዱ ያልደረሰበት፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬት ያለበት ቤት ብዙ ነው። አዲሶቹ ፎቆች ላይም ቢሆን ሶኬቱ ሦስተኛ ሽቦ አለው ማለት ያ ሽቦ መሬት ደርሷል ማለት አይደለም። ለኔትወርክ ትክክለኛው መንገድ ሁሉም ባለ ሽልድ ኬብል ወደ ፓች ፓኔሉ መጥቶ፣ ፓኔሉ ከራኩ ብረት ጋር፣ ራኩ ደግሞ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ስኩዌር በሆነ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ከሕንፃው ዋና የግራውንድ ባር ጋር መታሰሩ ነው። ለራኩ ብቻ ተብሎ ውጭ የሚቀበር ሌላ ዘንግ፣ ከዋናው ጋር ካልተገናኘ፣ ሁለት የተለያዩ መሬቶችን ፈጥሮ ጅረት በሽልዱ ውስጥ እንዲሄድ ያደርጋል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ኬብሉ በራኩ በኩል ብቻ ታስሮ ሳለ፣ በተጠቃሚው ጫፍ በመሰኪያው ብረትና በዚያ ክፍል ሶኬት ግራውንድ መካከል ቴስተሩን በኤሲ ቮልት መለካት። ከ1 ቮልት በላይ ካሳየ የሕንፃው ግራውንድ አልተስተካከለም፤ ኤሌክትሪሺያን ሳያስተካክለው ሁለቱን ማገናኘት አይገባም። በሁለት የተለያዩ ቆጣሪዎች በሚመገቡ ሁለት ሕንፃዎች መካከል ደግሞ ባለ ሽልድ መዳብ ጨርሶ አይዘርጋ። በክረምት መብረቁ ሲበዛ የሁለቱ መሬቶች የቮልቴጅ ልዩነት በሽልዱ በኩል የኔትወርክ ስዊቹን ያቃጥላል። እዚያ ፋይበር ነው የሚገባው፤ ብርጭቆ ጅረት አያስተላልፍም።

የዲሽና የካሜራ ኮኣክሲያል

እዚህ ሽልዱ መከላከያ ብቻ ሳይሆን የምልክቱ መመለሻ ሽቦ ነው። ስለዚህ «ጩኸት አለ» ተብሎ የኮኣክሲያል ሽልድ በአንድ በኩል አይቆረጥም። የካሜራ ምስል ላይ ቀስ እያሉ የሚወጡ አግድም ጥላዎች የ50 ኸርዝ ግራውንድ ሉፕ፣ ማለትም በሁለት ቦታ መሬት በነካ ሽልድ ላይ ዞሮ የሚሄድ ጅረት፣ ምልክት ናቸው፤ መፍትሔው ካሜራውን ከብረት ምሰሶው በፕላስቲክ ለይቶ ማሰር፣ ሁሉንም ካሜራ ከአንድ የኃይል ምንጭ መመገብ ወይም ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር ማስገባት ነው።

አርጂ 6፣ 75 ኦም፣ የመሃል ሽቦው 1.02 ሚሊ ሜትር፣ ለዲሽ የሚገዛው ይኸው ነው። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው የመሃል ሽቦው መዳብ የለበሰ ብረት ነው፤ ማግኔት ሲጠጋ ይይዘዋል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ከኤልኤንቢ (ዲሹ ላይ ካለው መቀበያ) የሚወርደው ምልክት ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ስለሆነ በሽቦው ቆዳ፣ በመዳቡ ላይ ብቻ ይሄዳል። ለኢትዮሳት አንድ ዲሽ፣ ከጣሪያ እስከ ሳሎን 30 ሜትር ለማይሞላ መንገድ ሙሉ ሽቦ መዳብ ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። ወደ ኤልኤንቢው የሚወጣው 13 ወይም 18 ቮልት ግን በሙሉ ሽቦው ነው የሚሄደው። ስለዚህ መልቲስዊች (የአንድን ዲሽ ምልክት ለብዙ ቤት የሚያከፋፍል ዕቃ) ባለበት ፎቅና በረዥም መንገድ መዳብ ይመረጣል፤ ብረት ከሆነ መጀመሪያ የሚጠፉት በ18 ቮልት የሚመጡት ቻናሎች ናቸው።

ዋናው መመዘኛ ጥልፉ ነው። ልባሱን ላጥ አድርጎ ጥልፉ ሥር ያለው ፎይል በሰፊው የሚታይ ከሆነ፣ ሽቦዎቹም የሚቆጠሩ ያህል ጥቂት ከሆኑ፣ ያ ኬብል አርጂ 6 መባሉ በውፍረቱ ብቻ ነው። ደህናው 60 በመቶ ይሸፍናል፤ ትራይ ሽልድና ኳድ ሽልድ የሚባሉት ሁለተኛ ፎይል ወይም ሁለተኛ ጥልፍ ይጨምራሉ፤ የሞባይል አንቴና ጣሪያው ላይ ላለበት ሕንፃ ይገባሉ። ለአናሎግ ካሜራ ግን ሌላ ነው። የቪዲዮው ምልክት ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ስላለው አርጂ 59 ሙሉ መዳብና 95 በመቶ የመዳብ ጥልፍ ያለው ይሁን። የዲሽ ገመድ ለካሜራ የሚሸጥ ሱቅ ጥሩ አላደረገም።

የማይክ ገመድ

በዚህ ዓይነት ፒያሳ ከመርካቶ ይሻላል፤ ከሜትር ቆርጠው ጫፉን ያሳያሉ። ለቤተ ክርስቲያን፣ ለአዳራሽና ለስቱዲዮ የሚገባው በአንድ ሽልድ ውስጥ ሁለት ኮር ያለው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 2 በ0.22 ሚሊ ሜትር ስኩዌር። አንድ ኮርና ሽልድ ብቻ ያለው ባላንስድ (ምልክቱ በሁለት ኮር ሄዶ የገባው ጩኸት የሚጣፋበት) ስላልሆነ ከጥቂት ሜትር በላይ ሲረዝም የ50 ኸርዝ ሁምታ ይዞ ይመጣል። ሽልዱ ሦስት ዓይነት ነው። ጥልፍ መድረክ ላይ የሚጎተተውንና የሚረገጠውን ይችላል። በአንድ አቅጣጫ የተጠመጠመው ለመላጥና ለመበየድ ይቀላል፣ ሲጣመም ግን ይከፈታል፤ ሞባይል አጠገቡ ሲቀመጥ ጩኸቱ በዚያ ክፍተት ይገባል። ፎይል ያለው ግድግዳ ውስጥ አንዴ ለሚቀበር ብቻ ነው፤ በየሳምንቱ ከተጠቀለለ ይሰነጠቃል። የኃይል ኬብልና የመብራት ዲመር ባለበት መድረክ አራት ኮር ያለው ስታር ኳድ ዋጋውን ያወጣል፤ ተቃራኒ ኮሮቹ ሁለት ሁለት ተጣምረው ይበየዳሉ።

ሽልዱ በኤክስኤልአር፣ ማለትም በባለ ሦስት እግሩ የማይክ መሰኪያ፣ 1 ቁጥር ላይ ይበየዳል። ሁምታ ለማጥፋት ብለው እሱን የሚቆርጡ ባለሙያዎች አሉ፤ ኮንደንሰር ማይክ ግን ከሚክሰሩ የሚመገበውን የ48 ቮልት መመለሻ የሚያገኘው በዚያው ሽልድ ነውና ዝም ይላል። የስፒከር ገመድ ሽልድ አያስፈልገውም፤ ለማይክ የተሠራው ቀጭን ሽቦ ለስፒከር ሲውል ኃይሉን በመንገድ ይበላዋል።

የማሽንና የኮንትሮል ኬብል

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው፤ ስሞቹ ከጀርመንና ከእንግሊዝ የመጡ የፊደል ጥርቅሞች ስለሆኑ። ኤልአይዋይሲዋይ ሲነበብ፦ ኤልአይ ቀጫጭን ብዙ ሽቦ ያለው ኮር፣ ዋይ ፒቪሲ፣ ሲ ቆርቆሮ የተቀባ የመዳብ ጥልፍ፣ ዋይ እንደገና ፒቪሲ። ለሴንሰርና ለኮንትሮል ምልክት ይህ ጥሩ ዕቃ ነው። ቲፒ ከተጨመረበት ኮሮቹ በጥንድ የተጠማዘዙ ናቸው፤ ለ4–20 ሚሊ አምፔር የሴንሰር ምልክት ያ ይመረጣል። የእንደዚህ ያለ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ምልክት ሽልድ በአንድ በኩል ብቻ፣ በፓኔሉ በኩል፣ ግራውንድ ይደረጋል፤ በሴንሰሩ በኩል ተቆርጦ በቴፕ ይሸፈናል።

ኤስዋይ የሚባለው ከውጭ መስታወት በመሰለ ፒቪሲ ሥር የሚያብረቀርቅ የብረት ጥልፍ አለው። በጣም የሚያምር ኬብል ነው፤ «ምርጡ ሽልድ» ተብሎ የሚሸጠውም ለዚህ ነው። ያ ጥልፍ ግን ኬብሉን ከምት የሚጠብቅ ጋልቫናይዝድ ብረት እንጂ ለጩኸት የተሠራ ሽልድ አይደለም። ለሽልድ የሚገዛው ሲዋይ ነው፣ ጥልፉ መዳብ። ማግኔት ወዲያው ይለያቸዋል። ከመሬት በታች የሚቀበረው ባለ ወፍራም ብረት ሽቦ፣ ኤስደብሊውኤ፣ እሱም ከምት መከላከያ ነው፤ ሽልድ ብሎ መግዛት ስህተት ነው።

ለሊፍት፣ ለውኃ ፓምፕና ለማተሚያ ማሽን ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ያለው ሁሉ ከኢንቨርተሩ እስከ ሞተሩ ባለ ሽልድ የሞተር ኬብል መጠቀም አለበት። እዚህ ደንቡ ከሴንሰሩ ይገለበጣል፦ ሽልዱ በሁለቱም በኩል፣ ያውም በዙሪያው ሁሉ በብረት ግላንድ (የኬብል መግቢያ ማጥበቂያ) ተጨብጦ ይታሰራል። ጥልፉን አጣምሞ ጭራ ሠርቶ በአንድ ብሎን ማሰር በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ምንም ያህል አይረዳም፤ የአዲስ አበባ ፓኔሎች ውስጥ በብዛት የሚታየው ግን ይኸው ነው። ኔትወርኩ በፎቁ ላይ ሊፍቱ ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ አዲስ የኔትወርክ ኬብል ከመግዛት በፊት ያንን ግላንድ ማየት ይቀድማል። ሁለቱ ኬብሎች ጎን ለጎን ከሄዱ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ፤ መሻገር ካለባቸው ቀጥ ባለ ማዕዘን ይሻገሩ።

ስለ ቀዩ የእሳት ማስጠንቀቂያ ገመድ ሁለት ነገር በደንብ ይሰመርበት። ጄ-ዋይ(ኤስቲ)ዋይ 2 በ2 በ0.8 ላይ ያለው 0.8 ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ነው፤ ስፋቱ 0.5 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ብቻ ነው። 0.8 ስኩዌር ብሎ ያሰላ ሰው በረዥም መስመር ላይ ሳይረኖቹ ድምፃቸው ይደክምበታል። ሁለተኛው የበለጠ ከባድ ነው፦ ቀይ መሆኑ እሳት ይችላል ማለት አይደለም። ልባሱ ፒቪሲ ነው፤ ይቀልጣል። በእሳት ውስጥ መሥራት ለሚገባው የሳይረንና የማስለቀቂያ መስመር ልባሱ ላይ ጄኢ-ኤች(ኤስቲ)ኤች እና ኢ30 ወይም ኢ90 የሚል መታተም አለበት።

ለጣት አሻራ ማሽንና ለቆጣሪ ንባብ የሚውለው አርኤስ 485 የተባለው የመረጃ መስመር ደግሞ 120 ኦም የሆነ አንድ ጥንድ ባለ ሽልድ ይፈልጋል፤ በሁለቱ ዳርቻ 120 ኦም ሬዚስተር። በአጭር መንገድ ካት 5ኢ ቢተካውም ይሠራል።

ሱቆቹ

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ብዙ የፒያሳ ሱቆች ቦታ ስለለወጡ፣ የድሮ አድራሻ ይዞ ከመሄድ ደውሎ መጠየቅ ይሻላል። መርካቶ በካርቶን ለሚገዛ ዋጋው የተሻለ ነው፤ ድክመቱ ካርቶኑን ከፍቶ ጫፍ ለማስቆረጥ ብዙዎች እሺ አለማለታቸው ነው። እምቢ ካሉ የሚሻለው ከአንድ ካርቶን በላይ አለመውሰድ፣ ያንን ፈትሾ ለቀሪው መመለስ ነው። ፒያሳና ቸርችል ላይ በሜትር የሚሸጡት ይወደዳሉ፣ ነገር ግን «ወንድሜ፣ ጫፏን ቁረጥና ልያት» ሲባሉ አይቆጡም፤ ለማይክና ለኮኣክሲያል ቀዳሚ ምርጫ ናቸው። በሜትር ሲገዛ በክንድ ወይም በባንኮ ምልክት ከመለካት ልባሱ ላይ በታተመው ቁጥር መተማመን ይሻላል። ሲዋይ፣ የሞተር ኬብልና እሳት የሚችለው ዓይነት ግን ከተራ ሱቅ አይፈለግም፤ የኢንዱስትሪ ዕቃ ከሚያስመጡት በትዕዛዝ፣ ከአምራቹ የመረጃ ወረቀት ጋር ይወሰዳል። መጠበቅ ይኖራል፣ በጥቅል ካልሆነ የማይሸጡም አሉ።

ደረሰኙ ላይ «ኔትወርክ ኬብል 1 ካርቶን» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ክርክር አይሠራም። «ካት 6 ኤፍ/ዩቲፒ፣ 23 ቁጥር፣ ሙሉ መዳብ፣ 305 ሜትር» ተብሎ እንዲጻፍ መጠየቅ ነው፤ ዕቃውን የሚያውቅ ሻጭ ይህን ለመጻፍ አያመነታም። የሚያመነታ ከሆነ ካርቶኑ እዚያው ይቅር።